የጃፓን የሸክላ ፊሽካና ባህላዊ መጫወቻዎች፦ ከአያት ወደ ለገጣፎ መንገድ ላይ ያለች ሱቅ

ከአያት ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት የመጫወቻ ሱቅ፣ ከፕላስቲክ መኪኖቿ ጎን አንዱን መደርደሪያ ለጃፓን ባህላዊ መጫወቻዎች ለይታለች። ልጆች ያሏቸው ሁሉ ጎራ ብለው ቢያዩዋት እመኛለሁ፤ በተለይም በእርግብ ቅርጽ ለተሠራው የሸክላ ፊሽካ ሲሉ።

ይህ ዓይነቱ ፊሽካ በሰሜን ጃፓን፣ በአኦሞሪ ግዛት በምትገኘው በሂሮሳኪ ከተማ ለረጅም ዘመን ሲሠራ የኖረ ነው። በጅራቱ በኩል ሲነፋ፣ አየሩ በጠባብ መተላለፊያ አልፎ ከሸክላው ስለታም ጠርዝ ጋር ይጋጭና በባዶው ሆድ ውስጥ ያስተጋባል፤ ደረቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በጣት ሲዘጉት ድምፁ ይወፍራል፣ ሲከፍቱት ይቀጥናል። ልጄ መጀመሪያ በኃይል ስትነፋው ከትንፋሽ በቀር የወጣ ነገር አልነበረም። ለስለስ አድርጋ ስትሞክረው ግን ጠዋት ጠዋት ቆርቆሯችን ላይ የሚያርፉት እርግቦች የሚያሰሙት ዓይነት ድምፅ ወጣ። የፕላስቲክ ፊሽካ በኃይል ለነፋው ሁሉ ይጮኻል፤ ይህኛው ትንፋሽን መመጠን ያስተምራል፣ ከሁሉም አብልጬ የወደድኩለትም ይህንኑ ነው። በጃፓን እርግብን ምግብ አያንቃትም የሚል እምነት ስላለ፣ ልጅም እንዳይታነቅ በሚል በቤት ውስጥ ይቀመጥ ነበር።

ከፉኩሺማ ግዛት፣ ከአይዙ አካባቢ የመጣው ቀይ በሬም አለ። ከወረቀት ንብርብር የተሠራ ሲሆን፣ ጭንቅላቱ በክር ስለተንጠለጠለ ትንሽ ሲነካ ይነቀንቃል፤ ቀይ ቀለሙ ልጆችን ከፈንጣጣ ይጠብቃል ተብሎ ይታመን ነበር። ከወንዝ ዳር ጭቃ እያመጣን በሬና ላም ስንሠራ ላደግን ሰዎች፣ ይህን በሬ አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸግራል። አንገቷ ሲዞር ሲጥ የምትለው፣ ከሚያጊ ግዛት ከናሩኮ የመጣችው የእንጨት አሻንጉሊትም ጥሩ ናት፤ በክር የታሰረችን ኳስ ወደ ላይ ወርውሮ በእንጨት ጽዋ ወይም ሹል ጫፍ የሚቀለብበት ኬንዳማ ግን ለትልልቅ ልጆች ነው።

ቅሬታዬ ከባድ ነው። ፊሽካው አፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ ቀለሙ ከምን እንደተሠራና ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን የሚገልጽ የአማርኛ ጽሑፍ የለውም፤ ሻጮቹም ሲጠየቁ መልስ አልነበራቸውም። ይህ እስኪስተካከል ድረስ፣ ያገኙትን ሁሉ ለሚልሱ ሕፃናት እንዲገዛ አልመክርም። ዋጋውም ከፕላስቲኩ ብዙ እጥፍ ነው። ለመግዛት የወሰኑ ከመክፈላቸው በፊት ምንቃሩና የመንፊያው ጠርዝ አለመሸረፉን በብርሃን አዙረው ይመልከቱ፤ ሱቁ በስስ ፌስታል ብቻ ስለሚሰጥ፣ በሚኒባስ የሚመለሱም መጠቅለያ ጨርቅ ይዘው ይሂዱ።