የመስሪያ ቤት አሰልጣኝ ከሆናችሁ ጋሼን ላስተዋውቃችሁ

ይህ ጽሁፍ በድርጅት ውስጥ ሰራተኛ ለምታሰለጥኑ ሰዎች ነው። ባንክ፣ ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ ሆስፒታል፣ የትም ሁኑ። የስራ መደባችሁ «የስልጠና ኦፊሰር» ሊባል ይችላል። ወይም ስራውን ስለምትችሉት ብቻ አለቃችሁ «እስቲ አዲሶቹን አሳያቸው» ብሎ በዚያው አሰልጣኝ ሆናችሁ ቀርታችኋል። አብዛኞቻችን የገባነው በዚህኛው በር ነው።

ላመሰግናቸው የፈለግኩት ሰው ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም። «ስሜን ፌስቡክ ላይ ካየሁት ቅዳሜ እንዳትመጪ» ነው ያሉኝ። የምራቸውን ይሁን ቀልዳቸውን አላጣራሁም። ስለዚህ ሁላችንም እንደምንጠራቸው ጋሼ ልበላቸው።

ጋሼ ጡረታ የወጡ የፋብሪካ አሰልጣኝ ናቸው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬተር ሆነው ጀምረው፣ ሱፐርቫይዘር ሆነው፣ በመጨረሻ ስልጠና ክፍል ገቡ። አሁን ሁለት ነገር ይሰራሉ። አንዱ፣ ድርጅት ሲጠራቸው ሄደው አሰልጣኙ ሲያሰለጥን ከኋላ ተቀምጠው ይመለከታሉ። ከዚያ ያዩትን ለብቻው ይነግሩታል። ይህ በክፍያ ነው፤ ውል አለው፣ ደረሰኝ አለው። ሌላው፣ ከተለያየ መስሪያ ቤት የመጣን አሰልጣኞችን ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበስቡናል። ይሄኛው የራስን ቡና ከመክፈል በቀር ወጪ የለውም።

እኔ የማሰለጥነው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። በዚህ ስራ የሚከብደው ብቸኝነቱ ነው። የሂሳብ ሰራተኛ ግራ ሲገባው የሚጠይቀው ሌላ የሂሳብ ሰራተኛ አጠገቡ አለ። መካኒክም እንዲሁ። አሰልጣኝ ግን ብዙ ቦታ አንድ ሰው ነው። አለቃው ስለ ስልጠና የሚጠይቀው ስንት ሰው እንደሰለጠነ ብቻ ነው። ስልጠናው ሰራ ወይስ አልሰራም የሚለውን አብሮት የሚያወራው ሰው የለውም።

ለአሰልጣኝ ስልጠና ጠፍቶ አይደለም። ቲኦቲ የሚባለው የአሰልጣኞች ስልጠና እንደሆነ ሞልቷል። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ይያዛል። ጠዋት ፍሊፕ ቻርት ላይ «ከዚህ ስልጠና ምን ትጠብቃላችሁ?» ተብሎ ይጻፋል። ሻይ እረፍት፣ የቡድን ውይይት፣ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ የሚያባርር ጨዋታ። በመጨረሻው ቀን ሰርተፍኬት፣ አበል፣ የጋራ ፎቶ። የቴሌግራም ግሩፕም ይከፈታል። ፎቶው ተልኮ ካለቀ በኋላ ግሩፑ ላይ የሚቀረው የበዓል ምኞት ነው። ከዚህ ስልጠና አንዳንዱ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ግን ተመልሰሽ የራስሽ ሰራተኞች ፊት ስትቆሚ የሚያይሽ የለም።

በውጭ አገር ለዚህ ሙያ ትልልቅ ማህበራት አሉ። አሜሪካ ያለው ኤቲዲ የተመሰረተው በ1943 ነው። ለረጅም ጊዜ ኤኤስቲዲ ሲባል ቆይቶ የአሁኑን ስሙን የያዘው በ2014 ነው። አባል መሆን ለእኛም ክፍት ነው፤ ክፍያው ግን በዶላር ነው። ከዚህ በላይ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

የጋሼ ቅዳሜ እንዲህ ነው። ስላይድ ክልክል ነው። ተራው የደረሰ አሰልጣኝ ከራሱ መስሪያ ቤት አንድ ትንሽ ስራ ይዞ ይመጣል። ያንን ስራ ጭራሽ ለማያውቅ ሌላ አሰልጣኝ እዚያው ያስተምራል። ሌሎቻችን እናያለን። የሆቴሏ አሰልጣኝ አንሶላ ጥግ ላይ እንዴት ታጥፎ ፍራሽ ስር እንደሚገባ ለባንኩ ልጅ አስተምራዋለች። የባንኩ ልጅ በተራው የብር ኖት በጣት ዳስሶ መለየትን ለሆቴሏ አሳይቷል። እኔ የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን ላይ መርፌ መግጠምን ይዤ ሄድኩ። ማሽን አልተሸከምኩም፤ መርፌና ካርቶን በቃኝ።

ስራው በአንድ ወረቀት ላይ ሶስት ዓምድ ተሰምሮ ይጻፋል። የመጀመሪያው ዓምድ ዋና ዋናዎቹ እርምጃዎች ናቸው። ሁለተኛው ቁልፍ ነጥቦች። ሶስተኛው የእያንዳንዱ ቁልፍ ነጥብ ምክንያት። የእኔ ወረቀት ላይ «መርፌውን አስገባ» የሚለው እርምጃ ነው። «እስከ ላይ እስኪነካ ግፋ» እና «ረጅሙ ቦይ ወደ ግራ ይሁን» የሚሉት ቁልፍ ነጥቦች ናቸው። ክር ከግራ ወደ ቀኝ በሚገባበት ባለ አንድ መርፌ ማሽን ማለቴ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ቦዩ ከዞረ ማሽኑ ስፌት ይዘላል። አንድ ልምድ ያላት ኦፕሬተር ይህን ሁሉ ሳታስበው ትሰራዋለች። አዲሷን ስታሳይ ግን «እንዲህ ነው» ብላ ታልፋለች። ወረቀቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እጅ የሚያውቀውን አፍ እንዲናገረው ያደርጋል።

ዘዴው የጋሼ ፈጠራ አይደለም፤ እሳቸውም የእኔ ነው ብለው አያውቁም። ቲ ደብልዩ አይ ይባላል፤ «በኢንዱስትሪ ውስጥ ስልጠና» እንደማለት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ልምድ ያለው ሰራተኛ ወደ ግንባር ሄደ። ፋብሪካዎች ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው ቶሎ ማሰልጠን ነበረባቸው። በ1940 ተቋቁሞ የነበረ የመንግስት ፕሮግራም ይህን ስራ እስከ 1945 መራ። አራት ደረጃ አለው፦ ሰራተኛውን ማዘጋጀት፣ ስራውን ማሳየት፣ እሱን ማሰራት፣ ከዚያ መከታተል። ከጦርነቱ በኋላ ዘዴው ጃፓን ገባ። ቶዮታን የመሳሰሉ ፋብሪካዎች ወሰዱት። ካይዘን ከምንለው፣ ስራን በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ ከማሻሻል የጃፓን ዘዴ ስሮች አንዱ ይኸው ነው።

ጋሼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ይሞቃሉ። ካይዘን እኛ አገር በጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ2009 በ30 ድርጅቶች ላይ በሙከራ ተጀመረ፤ የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 ተቋቋመ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። እሳቸው ያን ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ ነበሩ። ቅሬታቸው አንድ ነው። ብዙ ቦታ ካይዘን ሲባል መደርደሪያ ማስተካከልና ወለል ላይ ቢጫ መስመር መቀባት ሆኖ ቀረ ይላሉ። «ሰው እንዴት ይማራል የሚለውን ክፍል ዕቃ ቤት ቆለፉበት» ይላሉ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የተስተካከለ መደርደሪያ ራሱ አዲስ ሰራተኛ ያስተምራል። ይህን ብያቸው አንድ ቅዳሜ ሙሉ ተከራክረናል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ ለዚህ ጽሁፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ልብስ ስፌት ውስጥ መርፌ ሲሰበር ጥብቅ ህግ አለ። ስብርባሪው በሙሉ ተፈልጎ ካልተገኘ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመርፌ ጫፍ የህጻን ልብስ ውስጥ ቢቀር ምን እንደሚሆን አስቡት። የመርፌ መለያ ማሽን አለ፣ ግን ሁሉን ነገር ለማሽን አይተዉም። አዲስ ኦፕሬተሮች ይህን ህግ በመጀመሪያው ሳምንት ይማራሉ። በፈተናም ይመልሱታል። ስራ ላይ፣ የስፌት መስመሩ ላይ ግን መርፌ ተሰብሮ ዝም የሚባልበት ጊዜ ነበር።

ፋብሪካው ጋሼን ጠራቸው። ስልጠናውን ከኋላ ተቀምጠው አዩ። ምንም አልጻፉም። በሻይ ሰዓት አንዷን አዲስ ልጅ ጠጋ ብለው «መርፌ ቢሰበርብሽ መጀመሪያ ለማን ትነግሪያለሽ?» አሏት። «ለጓደኛዬ» አለች። ለሱፐርቫይዘሯ አላለችም። ፈተናው ላይ ግን ትክክለኛውን መልስ ነበር የጻፈችው።

ጋሼ ያን ቀን መፍትሄ አልነገሩኝም። ስልካቸውን አውጥተው ለአንዲት ሴት ደወሉ። ቅዳሜ ላይ አብራን የምትመጣ፣ ሆስፒታል ውስጥ ነርሶችን የምታሰለጥን ናት። «አንቺ ጋ ያለው ችግር እዚህም አለ፣ ተገናኙ» ብለው ስልኩን ሰጡኝ።

እውነትም ያው ችግር ነው። ነርስ በስራ ላይ ያገለገለ መርፌ ሲወጋት ወዲያው ማሳወቅ አለባት። የኤችአይቪ መከላከያው መድሃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ይሰራል። ይህን ነርሶቹ ከማንም በላይ ያውቁታል። አውቀውም የሚደብቁ አሉ። ቁጣን ይፈራሉ፣ ሀሜትን ይፈራሉ፣ «ጥንቃቄ የጎደላት» መባልን ይፈራሉ። የነርሶቹ አሰልጣኝ ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። ነርሶቹን ደግማ ማሰልጠን ትታ የነርስ ኃላፊዎቹን ያዘች። ያሰለጠነቻቸው አንዲት ነገር ነበረች፦ አንዷ «ተወጋሁ» ብላ ስትመጣ ከአፋችሁ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል «ደህና ነሽ?» ይሁን። ጥያቄና ቅጽ ከዚያ በኋላ። ይህንንም በቃል አልተወችውም። ኃላፊዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ አለማመደቻቸው። አንዷ ተወጊ ትሆናለች፣ ሌላዋ ኃላፊ።

እኛም ሱፐርቫይዘሮቻችንን እንደዚሁ አለማመድን። መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ «እኔ ልጆቼን እንኳ እንዲህ አላናግርም» አለ። ቢሆንም ያዙት። ብዙዎቹ ልጆች ከተለያየ ክልል ስለመጡ በኦሮምኛና በወላይትኛም እንዲሉት አደረግን። ከዚያ በኋላ የተሰበረ መርፌ መዝገብ ላይ የሚሞላው ጨመረ። አለቃችን ደነገጠ። «ስልጠና ሰጥተሽ መርፌ መስበር በዛ» አለኝ። ጋሼ መጥተው ያስረዱት እሳቸው ናቸው፦ የበዛው የተነገረው ነው፣ የተሰበረው አይደለም። ለዚህ ብቻ የከፈልናቸው ሁሉ ይገባቸዋል።

በነገራችን ላይ፣ ለአለቃ ማስረዳት ብዙዎቻችን የምንቸገርበት ስለሆነ ጋሼ ደጋግመው የሚያሰሩን ልምምድ ነው። ኪርክፓትሪክ የሚባል አሜሪካዊ በ1959 ያወጣው አራት ደረጃ ያለው የስልጠና ምዘና አለ። ሰልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? ስራ ላይ አዋለው ወይ? ድርጅቱ ምን አገኘ? አብዛኛው መስሪያ ቤት የመጀመሪያው ላይ ይቆማል። ምሳው ጥሩ ከነበረ ስልጠናውም ጥሩ ነበር ይባላል። ሁለተኛው ላይ የሚደርሰው ፈተና ያለው ነው። የእኛ ልጅ «ለጓደኛዬ» ስትል ጋሼ የያዙት በሁለተኛውና በሶስተኛው መካከል ያለውን ገደል ነው።

እንግዲህ ጥቆማ ነውና ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ሰርተፍኬት አይሰጡም። ለደረጃ እድገት ወረቀት የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ አይቀየሙም። ቴሌግራም ላይ ጽፋችሁ መልስ ካልመጣ ደውሉ፤ የድምጽ መልእክትም አይሰሙም። ከአዲስ አበባ ርቀው መሄድ ትተዋል፣ ጉልበታቸው አይችልም። ሰዓት ላይ ጨካኝ ናቸው፤ «ስምንት ሰዓት» ካሉ በስምንት በሩ ይዘጋል። አስተያየታቸው ደረቅ ነው። ሰው ፊት ግን አይናገሩም፤ ያዩትን ይዘው ይቆዩና ሁሉም ሲወጣ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚሰጥ ስልጠናን በተመለከተም ብዙ አትጠብቁ፣ እሱን ከሌላ ሰው ተማሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ቅዳሜ ላይ ከመጣችሁ ቢያንስ አንድ ጊዜ የሌላውን መስሪያ ቤት ሄዳችሁ ታያላችሁ፣ እሱም የእናንተን። ከየድርጅቱ የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ጋሼ የደብዳቤውን ናሙና ይሰጣሉ። ፎቶ ማንሳት የለም። ያያችሁትን ጉድ ውጭ ማውራት የለም። ይህን የጣሰ ሰው ሁለተኛ አይጋበዝም። ይህ ህግ ባይኖር የትኛውም አለቃ በሩን የሚከፍትልን አይመስለኝም።

ጋሼ፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። ስምዎን አልጻፍኩም። ለዚያች የስልክ ጥሪ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እድሜና ጤና ያድልልን።

መምጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የት እንደምትሰሩ፣ ማንን ምን እንደምታሰለጥኑ በሁለት መስመር አስቀምጡ። ስልካቸውን የምሰጠው መጀመሪያ እሳቸውን ጠይቄ ነው። አሁን በቡድናችን ውስጥ የባንክ ሰው በርክቷል። ከግንባታ ሳይት የሚመጣ አሰልጣኝ ግን አንድም የለንም። ብረት አሳሪ ወይም አናጺ የምታሰለጥኑ ካላችሁ ቅድሚያ ታገኛላችሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራ የእናንተ ሊሆን ስለሚችል አንድ ትንሽ ስራ አስባችሁ ኑ።