ባለ ማስታወሻው የፊልጵስዩስ እትም፦ ለጥሞና ምን ያህል ይረዳል?

በግራ ገጽ ጽሑፉ፣ በቀኝ ገጽ ባዶ መስመር፤ ውስጡ የፊልጵስዩስ መልእክት ብቻ። ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ይህ ዓይነቱ ቀጭን እትም በሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ኅዳግ ላይ ከመጨናነቅ እጅግ ይሻላል። የመጽሐፍ ቅዱስ ስስ ወረቀት ብዙውን ጊዜ በካሬ ሜትር ከ40 ግራም ስለማይበልጥ ጄል እስክሪብቶና እርጥብ ሃይላይተር ወደ ጀርባው ያልፋሉ። 80 ግራምና ከዚያ በላይ የሆነ ወረቀት ግን በደንብ ይችላል። ያም ሆኖ ቀለሙን አስቀድመው በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ይሞክሩት።

ጥራዙን ሳያዩ አይግዙ። በክር የተሰፋው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይቀመጣል፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘው በግድ ሲዘረጋ ጀርባው ይሰነጠቅና ቅጠሎቹ ይረግፋሉ።

የብዙዎቹ እትሞች ጉድለት እያንዳንዱን ምዕራፍ በአዲስ ገጽ መጀመራቸው ነው። 4፥1 «ስለዚህ» ብሎ የሚነሣው በ3፥20-21 ስለ ሰማያዊው አገራችንና ስለሚለወጠው ሥጋችን ከተነገረው ነው፤ ገጹ ሲቆርጠው አንባቢውም አብሮ ይቆርጠዋል። የምዕራፍ ክፍፍሉ ከጳውሎስ የመጣ አይደለም፤ የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈልም በ1551 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። በእርሳስ ከ3፥21 ወደ 4፥1 ቀስት ያስምሩ።

አጠቃቀሙ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ንባብ የቀኙን ገጽ በመሙላት ነው። ያኔ የሚጻፈው አስቀድሞ የሚታወቀው ነገር ነው፤ ለሁለተኛው ንባብም ቦታ አይተርፍም። መጀመሪያ 104ቱንም ቁጥሮች ያለ እስክሪብቶ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ በአንድ ቁጭታ ማንበብ ይሻላል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቢወስድ ነው። በሁለተኛው ንባብ ደስታን በአንድ ቀለም፣ እስራትን በሌላ ያስምሩ። ምዕራፍ 1 ላይ ደስታው በቁጥር 4፣ እስራቱ በቁጥር 7፤ ደግሞ እስራቱ በ17፣ ደስታው በ18 ይመጣል። ሁለቱ ቀለሞች ጎን ለጎን ሲታዩ ጳውሎስ ደስ ያለው ከእስር ስለ ተፈታ እንዳልሆነ ከገጹ ላይ ይነበባል፤ ክርስቶስ ስለ ተሰበከ ነው። ማሰላሰሉን ከዚህ በኋላ ይጻፉ፤ ከገጹ ሲሶውን ብቻ ይጠቀሙ፣ ቀኑንም ያስፍሩበት።

ማጣቀሻ የሌለው እትም ብቻውን አይበቃም። 2፥10-11 ላይ ጉልበት ሁሉ ይንበረከካል የሚለው ከኢሳይያስ 45፥23 የተወሰደ ነው፤ በዚያ እግዚአብሔር ስለ ራሱ የተናገረው እዚህ ለኢየሱስ ተሰጥቷል። ይህን ያላየ አንባቢ የመልእክቱን ከፍታ ያጣዋል። ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ አጠገብዎ ያኑሩ፤ የፊልጵስዩስ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደ ተጀመረች ለማወቅም የሐዋርያት ሥራ 16ን ቀድመው ያንብቡ።