ለሁለቱም «ያለ ሀፍረት»

ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ፈረስ መጋላ አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ የእንግሊዝኛ አማርኛ የኪስ መዝገበ ቃላት ገዛሁ። 500 ብሎኝ ነበር፣ ተከራክሬ በ400 ብር ወሰድኩት።

ፊደሉ ያለ መነጽር ይነበባል። ጀርባው ግን በሳምንቱ ተገነጠለ፤ ለካ ሙጫ ብቻ ነው። በራሴ መርፌ ሰፋሁት።

የባሰው ትርጉሙ ነው። ባለፈው አንዲት በዕድሜ የገፉ ፈረንጅ የቦርሳቸው ማንገቻ ተበጥሶ መጡ። እስክሰፋላቸው ከወረቀት ላይ ሐላዋ እየቆረሱ ይበላሉ። ጣታቸውን ላስ አደረጉና «አይ አናሼምድሊ ላቭ ስዊትስ» አሉኝ። ሲሄዱ «አናሼምድሊ»ን ፈለግሁ፦ «ያለ ሀፍረት»። አዘንኩላቸው። አቦ፣ ሐረር መጥቶ ሐላዋ መብላት ምኑ ያሳፍራል?

«ሼምለስሊ»ን ባይ፣ እሱም «ያለ ሀፍረት»።

ጎረቤቴ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ማታ ሻይ ስንጠጣ ጠየቅሁት። ሴትዮዋ ራሳቸውን አልሰደቡም። «ሰው ምን ይለኛል ሳልል ጣፋጭ እወዳለሁ» ማለታቸው ነው። ይሉኝታ አልያዛቸውም፣ በቃ። «ሼምለስሊ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ወቀሳ ነው፤ እኛ «ዓይኑን በጨው ታጥቦ» የምንለው። ወዲያው ገባኝ። አምና አንዷ ደንበኛዬ ቀሚስ አሰፍታ፣ ሠርግ ለብሳው ውላ፣ የብብቱ ላብ ሳይደርቅ «ጠቦኛል፣ ገንዘቤን መልስ» ብላኛለች። ሼምለስሊ!

«ብሬዝንሊ»ን ደግሞ ጭራሽ «በድፍረት» ብሎታል። ቃሉ ከናስ የመጣ ነው፤ እንደ ናስ የደረቀ ፊት እንደማለት። እኛ ጨው፣ እነሱ ናስ። በአማርኛ ግን በድፍረቱ ጀግናም ይመሰገናል። ብሬዝንሊ የሚባለው ሌባ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ሲሰርቅ ነው።

አንድ አንድ ምሳሌ ቢያስገቡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ተማሪ ከሆናችሁ እሱን ብቻ ይዛችሁ ፈተና አትግቡ። እንደ እኔ የዕቃ ስም ለሚፈልግ ግን ይበቃል።

ለልጁ ልመልስለት አስቤ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ገልጬው፣ ሰፍቼው፣ ዳር ዳሩን በእርሳስ ሞነጫጭሬው «ገንዘቤን መልስ» ልበለው? ተውኩት።