ሌጎ ወይስ የአናጺ እንጨት? የሚገጣጠም መጫወቻ ለምትገዙ ወላጆች

ክረምት ሲገባ ደሴ ላይ ልጅ ቤት ይውላል። የጦሳ ተራራ በጉም ይሸፈናል፣ ዝናቡ አያባራም፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ስልኩ ደግሞ እጅ ሥር አለ። ያኔ ብዙ ወላጅ ፒያሳ ወጣ ብሎ "ሌጎ አላችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን በዚህ ስም የሚሸጠው ነገር ብዙ ዓይነት ነው፤ ለልጅ የሚሰጡትም አንድ አይደለም።

እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው፦ ልጁ ሲሳሳት መጫወቻው ራሱ ይነግረዋል ወይ? የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ሁለት የእንጨት ምሰሶ አቁማ ድልድይ ልትሠራ ፈለገች። ጣውላው አልደርስ አለና መሃል ላይ ወደቀ። ገልብጣ ሞከረችው፣ ርዝመቱ ያው ነውና ድጋሚ ወደቀ። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ አንዱን ምሰሶ ገፋ አድርጋ አቀረበችው፣ ቆመ። ወዲያው መኪናዋ በሥሩ አላልፍ አለች፤ አሁን ደግሞ ምሰሶው ከፍ ማለት አለበት። ማንም ምንም አላላትም። ገመተች፣ ሞከረች፣ ሲያቅታት አንድ ነገር ብቻ ቀየረች። ችግር መፍታት የምንለው ይሄው ነው። ቁልፉን ሲጫኑት የሚዘፍን ውድ መጫወቻ ይሄን አያደርግም።

እንግዲህ ከእንጨቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከስድስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ሱቅ መፈለግ አያስፈልግም። ደሴም ኮምቦልቻም እንጨት ሥራ ቤት ሞልቷል፣ የሞራሌና የጣውላ ቁርጥራጭ ጥግ ላይ ተከምሮ ለማገዶ ይሄዳል። አናጺውን በልክ ቁረጥልኝ በሉት። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ካሮላይን ፕራት የምትባል የኒውዮርክ መምህርት ያወጣችው ልክ አለ፦ ውፍረቱ አንድ ከሆነ ስፋቱ ሁለት፣ ርዝመቱ አራት። በሴንቲሜትር 3.5 በ7 በ14 ማለት ነው። ግማሹንና እጥፉንም ጨምሩበት። ልጁ ሁለት አጭር እንጨት አንድ ረጅም እንደሚሆን በእጁ ሲያገኘው፣ ክፍልፋይ የሚባለውን ትምህርት ክፍል ከመግባቱ በፊት ጀመረው ማለት ነው። ልኩ ግን ትክክል መሆን አለበት፤ የተዛነፈ እንጨት ሲወድቅ ጥፋቱ የልጁ ይሁን የአናጺው አይታወቅም። የደረቀ እንጨት ይሁን፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይጣመማል። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይሞረድ፣ ቀለም አያስፈልገውም።

ፕላስቲኩ ከስድስት ዓመት በኋላ ይበልጣል። እንጨት ከላይ ይደረደራል እንጂ አይያያዝም፤ ጡቡ ግን ስለሚነክስ ልጁ ወደ ጎን የወጣ በረንዳ፣ የሚሽከረከር ጎማ፣ የሚከፈት በር ማሰብ ይጀምራል። የዴንማርኩ ሌጎ የዛሬውን ጡብ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፣ የዚያን ጊዜው ከአሁኑ ጋር እስካሁን ይገጥማል። ዋናው ሌጎ ዋጋው ይከብዳል፤ ገበያችን ላይ በብዛት የምታገኙት ተመሳሳዩን ነው፣ እሱም ከጥሩ እስከ የማይረባ ድረስ አለ። ሻጩን ካርቶኑን ክፈትልኝ በሉት። አሥር ያህሉን ቀጣጥላችሁ ጫፉን ይዛችሁ አንሱት። ከተበተነ አትግዙ። ለመንቀል ጥርስ የሚያስፈልገውም ከሆነ አትግዙ። ልጁ የሚናደደው በራሱ ስህተት ሳይሆን በዕቃው ይሆናል፣ ከዚያ ሳጥኑ አልጋ ሥር ይገባል።

ሌላው ደግሞ ካርቶኑ ላይ ባለው ሥዕል አትማረኩ። አንድ ሄሊኮፕተር ብቻ የሚወጣው ስብስብ ሥዕል አንብቦ ተራ በተራ መሥራትን ያስተምራል፣ እሱ አይናቅም፣ ግን ሄሊኮፕተሩ አልቆ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ጨዋታው አበቃ። ተራ ጡብ የበዛበት ይሻላል። ባለ ስምንት ጉብታና አንድ ቀለም የሆኑ ስድስት ጡቦች ብቻ በ915,103,765 መንገድ እንደሚገጣጠሙ ተሰልቷል። ስድስት ጡብ!

ባለ ብሎኑ የብረት መጫወቻ ፍራንክ ሆርንቢ የተባለ የሊቨርፑል ሰው እ.ኤ.አ. በ1901 መብቱን ያስመዘገበው ዓይነት ነው። ቀዳዳ ያላቸው ስስ ብረቶች፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ትንሽ ካቻቢቴ። ለዘጠኝ ዓመትና ከዚያ በላይ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ከሰጣችሁት ያለቅሳል። ግን የሽቦ መኪና ሠርቶ በቆርኪ ጎማ የሚነዳ ልጅ ካላችሁ ከፕላስቲኩ በፊት ይሄን ግዙለት። ብሎኑ ሲላላ መኪናው ይንገዳገዳል፣ ሲጠብቅ ጎማው አይዞርም፤ መሃሉን ማግኘት አለበት።

የማግኔቱ ያምራል፣ ፈጥኖም ይቆማል። ለእኔ ግን ችግሩ እዚያው ላይ ነው፣ ራሱ እየሳበ ስለሚገጥም ልጁ ስለ ሚዛን ብዙ አያስብም። ከገዛችሁ ትልልቅና ዙሪያው በደንብ የታሸገውን ግዙ። ጠርዙ ከተሰነጠቀ ጣሉት። ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ውስጥ እርስ በርስ ይሳሳቡና አንጀቱን ሊበሱት ይችላሉ፤ ከዋጠ እስኪወጣ መጠበቅ የለም፣ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ትናንሽ ክብ የማግኔት ኳሶችን ጭራሽ ቤት አታስገቡ።

ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ ለማንኛውም ዓይነት የሚሠራ ቀላል መለኪያ አለ። የሶፍት ጥቅል መሃል ላይ ያለውን ካርቶን ውሰዱ። በውስጡ የሚያልፍ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ይችላልና ከእጁ ይራቅ። ታላቁ በጡብ የሚጫወት ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይጫወት፣ ሲጨርስ ክዳን ባለው ዕቃ ይሰብስብ።

ሁሉንም በአንዴ መግዛት አያስፈልግም። ከአንዱ ዓይነት በርከት አድርጎ መያዝ ከአራቱም ጥቂት ጥቂት ከመያዝ ይበልጣል፣ አሥር ጡብና አምስት እንጨት ይዞ ማንም ልጅ ከተማ አይሠራም። ጡብ ልትጨምሩ ስትሄዱ ደግሞ ቤት ካለው አንዱን ኪሳችሁ ከትታችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ከአዲሱ ጋር ግጠሙት።