ቤርሙዳ ላይ ለረዱን የታክሲ ሹፌር ምስጋናችን ይድረስልን

አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ደሴት ቤርሙዳ ደርሰን ተደስተን የተመለስነው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። የታክሲ ሹፌር ናቸው። ለእናቴ ያደረጉላትን አይቼ ዝም ማለት አላስቻለኝም። ደግሞም ወላጅ ይዛችሁ ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ እንደ እኛ እንዳትንገላቱ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያንገበገበኝን ልናገር። ጉዞውን ያዘጋጀልን አንድ ወኪል ነበር፤ ስሙን አልጠራም። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መራመድ አትችልም ብዬ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። «ምንም አታስቡ፣ እዚያ ስትደርሱ መኪና ይጠብቃችኋል» አለን። ለመኪናውም ቀብድ ተቀበለን። ደርሰን ስንጠይቅ የኤርፖርቱ ሠራተኛ አዘነችልን። ለካ ቤርሙዳ ውስጥ እንደ ሌላው አገር መኪና ለጎብኚ አይከራይም! ሕጉ አይፈቅድም። የሚገኘው ሞተር ሳይክል ወይም አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነው። ያውም የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ታማሚ እናቴን ሞተር ላይ ላፈናጥጣት ነው? ለወኪሉ ደወልን፣ አያነሳም። መልእክት ላክን፣ መልስ የለም። ገንዘባችንም እዚያው ቀረ። ከገንዘቡ በላይ ግን የእናቴ ሁኔታ አንጀቴን በላው። «በእኔ የተነሳ ጉዟችሁ ተበላሸ» እያለች ሻንጣ ላይ ቁጭ አለች።

እኚህ ሰው የመጡት ያኔ ነው። ከመኪናቸው ወርደው በቀጥታ ወደ እናቴ ሄዱ። ጎንበስ ብለው እጇን ይዘው ሰላም አሏት። ሻንጣ ሳያነሱ፣ የት እንደምንሄድ ሳይጠይቁ፣ መጀመሪያ እሷን። ኋላ እንዳየሁት እዚያ አገር ሰላምታ ትልቅ ነገር ነው። አውቶቡስም ግቡ ሱቅ፣ እንደምን አደራችሁ ወይም እንደምን ዋላችሁ ሳትሉ ወደ ጉዳያችሁ ከገባችሁ ነውር ነው። እናቴ ይህን ስታይ «እነዚህማ የእኛው ሰዎች ናቸው» አለች።

ታክሲያቸው ላይ ሰማያዊ ባንዲራ አለች። ይህ ምልክት ሹፌሩ በአስጎብኚነት የተመሰከረለት መሆኑን ያሳያል። ይህን ያዙልኝ። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ሰማያዊ ባንዲራ ያለበትን ታክሲ ፈልጉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ የሚከተለው ነው። መቸገራችንን አይተዋል። ቢፈልጉ በየቀኑ እኛን እያመላለሱ ጥሩ ገንዘብ ይሠሩብን ነበር። እሳቸው ግን ዋና ከተማው ሐሚልተን ያለው አውቶቡስ ተራ ወስደው የብዙ ቀን ማለፊያ አስገዙን። በዚያው ማለፊያ አውቶቡሱንም ጀልባውንም ትሳፈራላችሁ። ማለፊያ ከሌላችሁ ሹፌሩ የወረቀት ገንዘብ ስለማይቀበል ትክክለኛውን ሒሳብ በሳንቲም መያዝ አለባችሁ። ቀጥለው አንድ ፌርማታ ጋ አቁመው ምሰሶውን አሳዩን። ምሰሶው ሮዝ ከሆነ አውቶቡሱ ወደ ሐሚልተን ይሄዳል፤ ሰማያዊ ከሆነ ከሐሚልተን ይወጣል። ለእናቴ በእጃቸው እያመለከቱ ደጋግመው አስረዷት። እንግሊዝኛ ብዙም አትችልም፣ ቀለሙን ግን ያዘች። ከዚያ በኋላ የምትመራን እሷ ሆነች! በ7 ቁጥር አውቶቡስ ሆርስሹ ቤይ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄደን ሮዝ የሚመስለው አሸዋ ላይ ስትቀመጥ እንደ ልጅ ደስ ብሏት ነበር። የራሱን ገበያ ትቶ ያለ እሱ መንቀሳቀስ የሚያስተምር ባለታክሲ እስቲ የት ይገኛል?

ክሪስታል ዋሻን ለማየት የሄድነው ግን ከእሳቸው ጋር ነው። ደረጃው ብዙ መሆኑን አስቀድመው ነገሩን። እኛ ስንወርድ እናቴ ላይ ቀረች፣ እሳቸውም ቆጣሪውን አጥፍተው ጥላ ሥር አብረዋት ተቀመጡ። ዋሻው ውስጥ ያለው ውኃ ከጥራቱ የተነሳ ጥልቀቱ አይታወቅም፤ በጣም ያምራል። እኔ ግን ልቤ ላይ የቀረችው እናቴ ጋ ነበር። ስንመለስ ሁለቱም የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ እያሳዩ ይሳሳቃሉ። አባታችን ካረፈ ወዲህ እናቴ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ብቻዋን ያሳደገችን ሴት ናት፤ ዕረፍት የሚባል አታውቅም። ቆሜ አለቀስኩ።

በየመንገዱ ብዙ ነገር ነግረውናል። ቤቶቹ ሁሉ ጣሪያቸው ነጭ፣ ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። አገሩ ወንዝ ስለሌለው የዝናቡን ውኃ በጣሪያ እየያዙ ያጠራቅማሉ። አሠራሩን በዝርዝር አስረድተውን ነበር፣ እኔ የያዝኩት ግን ውኃ መቆጠብ እንዳለበት ነው። እባካችሁ እናንተም ሻወር ቤት አትቆዩ። የአሜሪካ ዶላር ከቤርሙዳ ዶላር ጋር እኩል ይሠራል። መልስ በቤርሙዳ ዶላር ከተሰጣችሁ ግን ሌላ አገር መንዛሪ ስለማይገኝለት እዚያው ጨርሱት። ወደ አሜሪካ የምትመለሱ ደግሞ የአሜሪካው የኢሚግሬሽን ፍተሻ የሚያልቀው ቤርሙዳ ኤርፖርት ላይ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ይህንንም የነገሩን እሳቸው ናቸው። ራሳቸው በጠዋት መጥተው አደረሱን።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ለእናቴ ያሳዩትን አክብሮት ለልጆቻቸው ይክፈላቸው።

የምትሄዱ ሰዎች፣ በተለይ እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ፣ ከልቤ ነው የምላችሁ፣ እሳቸውን ያዙ። ስልካቸውን እዚህ አላወጣም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝና እሰጣችኋለሁ፤ አስፈቅጃቸዋለሁ። በሙቀቱ ወራት ሥራ ስለሚበዛባቸው ትኬት እንደቆረጣችሁ ደውሉላቸው።