የጦርነት ዘመን የአሜሪካ ኮሚክስና ካርቱን፦ የትኛውን መግዛት ይሻላል?

በጦርነት ዓመታት የታተሙ የአሜሪካ ኮሚክስ (በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚተርኩ መጽሔቶች) እና ካርቱኖችን መሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ገበያው ላይ በዋናነት ሦስት ዓይነት ዕቃ ያገኛል፤ እነሱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ10 ሳንቲም ይሸጡ የነበሩት የጀግና መጽሔቶች፣ ግንባር የነበረ ወታደር የሣላቸው ካርቱኖች፣ እና የኮርያን ጦርነት የሚተርኩት የ1950ዎቹ መጽሔቶች ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሦስቱ በዋጋም ሆነ ለአንባቢ በሚሰጡት ነገር እጅግ ስለሚራራቁ፣ ገዢው የሚገዛው ለማንበብ ይሁን ወይስ ገንዘቡን ለማኖር አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ከጀግና መጽሔቶች ስሙ የገነነው የ«ካፒቴን አሜሪካ» ቁጥር 1 ነው። ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ ያዘጋጁት ይህ እትም ሽፋኑ ላይ ማርች 1941 ይበል እንጂ ለሽያጭ የቀረበው በዲሴምበር 1940፣ ማለትም አሜሪካ ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው። ሽፋኑ ላይ ጀግናው ሂትለርን በቡጢ ሲነርተው ይታያል፤ የያዘውም ጋሻ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሁሉም የሚያውቀው ክብ ጋሻ የመጣው በቁጥር 2 ነው። በደንብ የተጠበቀ አንድ ቅጂ በ2022 በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ስላወጣ፣ ይህን ለባለጸጎች መተው ይሻላል። ከ1942 እስከ 1945 የወጡት ብዙም ስም የሌላቸው መጽሔቶች ግን፣ በተለይ ሽፋናቸው የተቀደደ ወይም ገጽ የጎደላቸው ከሆኑ፣ ከዚህ ጋር በማይወዳደር ዋጋ ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ቅጂ የምመክረው ለታሪኩ ብዬ አይደለም፤ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፣ ጃፓናውያን የተሣሉበትም መንገድ ዛሬ ለልጅ ለማሳየት የሚያሳፍር ነው። ቁም ነገሩ ያለው ልጆች በሳንቲማቸው የጦርነት ቁጠባ ቴምብር (ለመንግሥት የጦር ወጪ ገንዘብ የሚበደርበት ቴምብር) እንዲገዙና አሮጌ ወረቀት ሰብስበው እንዲያስረክቡ በሚጠይቁት ማስታወቂያዎች ላይ ነው። መጽሔቶቹ ራሳቸው በዚሁ የወረቀት ዘመቻ በብዛት ስለተፈጁ የተረፉት ዋጋቸው ሊወደድ ችሏል። በጥራዝ መልክ የሚወጡ ዳግም ኅትመቶች ብዙ ጊዜ ማስታወቂያዎቹን ያስቀራሉ፤ ገጽ በገጽ እንደ ጥንቱ ተደርገው የሚታተሙት ቅጂዎች ግን ስለሚይዟቸው፣ ለማንበብ ብቻ ለሚፈልግ ሰው እነዚህ ይበቁታል።

የዘመኑ ቅጂ ነው የተባለውን ከመግዛት በፊት መለካት ያስፈልጋል። የዚያን ጊዜ መጽሔት ወርዱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የዛሬው 17 ያህል ነው። ሽፋኑ ላይ 10 ሳንቲም ስለተጻፈ ብቻ ማመን አይገባም። ዲሲ የተባለው የኮሚክስ አሳታሚ በ1970ዎቹ ታዋቂ የመጀመሪያ ቁጥሮችን በትልቅ መጠን ዳግም ሲያሳትም ከላይ ተጨማሪ ሽፋን አድርጎላቸው ነበር፤ ያ ሽፋን ሲገፈፍ የሚቀረው ከመጠኑ በስተቀር ጥንታዊውን ስለሚመስል ለአታላዮች ተመችቷል። ደረጃ የሚሰጠው ሲጂሲ የተባለው ድርጅት መጽሔቱን ከ0.5 እስከ 10 መዝኖ በፕላስቲክ ያሽገዋል፤ ሐምራዊ መለያ ካለበት በእድሳት የተነካካ ነውና ዋጋው ዝቅ ማለት አለበት። የታሸገውን ደግሞ ሳይከፍቱ ማንበብ አይቻልም፤ በእኔ ዓይን ይህ ከመጽሔትነት ይልቅ ወደ አክሲዮንነት ያስጠጋዋል።

ለጀማሪ የምመርጠው ሁለተኛውን ዓይነት፣ ወታደር የነበረውን የቢል ሞልዲንን ሥራ ነው። ሞልዲን በጣሊያን ግንባር ሳለ «ስታርስ ኤንድ ስትራይፕስ» ለተባለው የጦር ሠራዊት ጋዜጣ ዊሊና ጆ የተባሉ ጢማቸው ያደገ፣ ጭቃ የለበሱ ሁለት እግረኛ ወታደሮችን ይሥል ነበር። የአሜሪካው ጦር አዛዥ ጄኔራል ፓተን ወታደሮቹን አዝረክርከህ አሳየህ ብለው አስጠርተው ቢቆጡትም፣ በ1945 ገና በ23 ዓመቱ ለጋዜጣ ሥራ የሚሰጠውን ትልቁን የአሜሪካ ሽልማት፣ ፑሊትዘርን አገኘ። ከሥራዎቹ በአንዱ አንድ የድሮ ፈረሰኛ ሃምሳ አለቃ፣ የተሰበረች ጂፑን እግሯ እንደተሰበረ ፈረስ ሊገላግላት፣ በአንድ እጁ ዓይኑን ሸፍኖ ሽጉጥ ደግኖባታል፤ አንድም ቃል የለበትም። «አፕ ፍሮንት» የተባለው የ1945 መጽሐፉ በገፍ ስለተሸጠ የዚያው ዓመት ቅጂ ዛሬም በርካሽ ይገኛል፤ ጠንካራ ሽፋን ስላለውም እንደ መጽሔቶቹ አይፈረፈርም። በካርቱኖቹ መካከል የጻፈው ሐተታም ስለሚነበብ፣ በገንዘብ ልክ የሚያስገኘው ከሦስቱ ይበልጣል።

ተንቀሳቃሽ ካርቱን ለሚፈልግ፣ ዋርነር ብራዘርስ ከ1943 ጀምሮ ለሠራዊቱ ማሠልጠኛ የሠራው «ፕራይቬት ስናፉ» በነጻ ስለሚታይ ገንዘብ የሚወጣበት ምክንያት የለም።

የኮርያው ዘመን የሚያጓጓው የቃኘው ሻለቃን ታሪክ እየሰማ ያደገውን ሰው ይሆናል፤ ሃርቪ ከርትዝማን ለኢሲ ኩባንያ ያዘጋጃቸው «ቱ ፊስትድ ቴልስ» እና «ፍሮንትላይን ኮምባት» በአመዛኙ የወጡት ሻለቃው በዚያ ሲዋጋ በነበረባቸው ዓመታት ነውና። ጀግና የላቸውም፤ በአንደኛው ታሪክ አንድ አሜሪካዊ ወታደር በኮርያው ኢምጂን ወንዝ ውስጥ ጠላቱን በእጁ ደፍቆ ሲገድል ይታያል፣ ተራኪውም ለሟቹ እንዲያዝን አንባቢውን ይለምናል። የዘመኑ ቅጂ ከሞልዲን መጽሐፍ በብዙ እጥፍ ስለሚወደድ ዳግም ኅትመቱ ይሻላል። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፦ ጥቁርና ነጩ የከርትዝማንን ወፍራም የብሩሽ መስመር አጉልቶ ያሳያል፣ ባለቀለሙ ደግሞ አንባቢው ያኔ ከሱቅ ገዝቶ ወዳየው ይቀርባል። ለሥዕሉ ሲል የሚገዛ ሰው ጥቁርና ነጩን ይውሰድ።