ጎማው ላይ ያለው «17» የእኛ 2017 አይደለም፦ ለፒካፕ ባለቤቶች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ከአስፋልት ውጭ ለሚሠራ ፒካፕ ጎማ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ መሸጫ «አዲስ» የተባሉ አራት ጎማዎች ገዛሁ። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳልሠራባቸው አንዱ ሐረና ጫካ ውስጥ ጎኑ ተተርትሮ ፈነዳ።

ሥራዬ ከደሎ መና አካባቢ የጫካ ቡናና ማር ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ማምጣት ነው። እስከ ጎባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ እነዳለሁ፤ ከዚያ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ የሆነውን የሳነቴን አምባ አቋርጬ፣ ሪራን አልፌ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥዬ ወደ መንደሮቹ እገባለሁ። ያ መንገድ በበጋ ስለታም ድንጋይ፣ በዝናብ ደግሞ ጭቃ ነው። ሻጩ ይህን ሁሉ ነግሬው፣ «ለዚህ የሚሆነው ይሄ ነው» ብሎ ጥርሱ ጎላ ጎላ ያለ ጎማ አወጣልኝ። ዋጋው ከሌሎች ሱቆች በአንድ ጎማ 4,000 ብር ይቀንስ ነበር። ለምን እንደቀነሰ ስጠይቀው «የአምና ምርት ስለሆነ ነው» አለና ጣቱን ጎማው ላይ ከተጻፉት አራት ቁጥሮች ላይ አኖረ። ቁጥሩ 3217 ይላል። «ይኸው፣ 17።» ላስቲኩ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ፀጉሮችና ያልተላጠውን የወረቀት ምልክትም አሳየኝ። እኔም አመንኩ።

የፈነዳው የኋላ ቀኝ ጎማ ነው። 700 ኪሎ ያህል ጭኜ ዳገት ስወጣ ከአንዲት የሹል ድንጋይ ጠርዝ ጋር ተነካካና የጎኑ ላስቲክ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደ። በስኮርታው እየተጎተትኩ ጎባ ስደርስ ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው አወጣና በውስጥ በኩል ታስሮ የነበረውን ጎን ገልብጦ አነበበው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ስምንት ዓመቱ ነው» አለኝ። ከዚያ ሁለት ጥርሶችን በአውራ ጣቶቹ ግራና ቀኝ ፈልቅቆ ግርጌያቸውን አሳየኝ፤ ውኃ እንደራቀው መረሬ መሬት በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞልቷል። ከላይ ሲታይ ግን በቅባት ተወልውሎ ያብረቀርቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲ ኦ ቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት በኋላ ከሚመጣው ረጅም ኮድ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የምርት ጊዜውን ይናገራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያሳያሉ። አቆጣጠሩ የአውሮፓውያን እንጂ የእኛ አይደለም። ስለዚህ 3217 ማለት የአውሮፓውያኑ 2017 ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት፣ ማለትም የእኛ ነሐሴ 2009 ነው። እኔ ስገዛው 8 ዓመት ከ2 ወር ሆኖት ነበር። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ያለው የዘመን አቆጣጠራችን ለእንዲህ ያለ ማታለል በር ይከፍታልና፣ ማንም ሻጭ «የዚህ ዓመት ነው» ሲላችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንዱ ጎን ብቻ ስለሆነ ጎማው ከመታሰሩ በፊት አራቱንም አገላብጣችሁ አንብቡ፤ ከታሰረ በኋላ ወደ ውስጥ ዞሮ ሊደበቅ ይችላል።

ያልተነዳበት ጎማ አያረጅም የሚል ሰው አትመኑ። ላስቲክ በሙቀት፣ በፀሐይና በአየር ብቻ ይደርቃል፤ ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት የተከመረ ጎማ ደግሞ ይብስበታል። ብዙ መኪና አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ከ6 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ፤ ጎማ አምራቾችም ቢበዛ ከ10 ዓመት እንዳያልፍ ይላሉ። ፀጉሮቹ የሚመሰክሩት ጎማው እንዳልተነዳበት ብቻ ነው፤ ዕድሜውን አይናገሩም።

ሁለተኛው ጥፋት የሸክም ቁጥሩ ነበር፤ እዚህ ላይ የራሴም ቸልተኝነት አለበት። መጠኑ 265/65 አር 17 መሆኑን አይቼ ቀጥሎ ያለውን 112 አላስተዋልኩም። 112 ማለት አንድ ጎማ የሚችለው 1,120 ኪሎ ነው፤ በዚሁ መጠን ለጭነት የተሠራውና ኤል ቲ (LT) የሚል ምልክት ያለው 120 ቁጥር ግን 1,400 ኪሎ ይችላል። የኤል ቲው ጎን ይጠነክራል፤ ልዩነቱም ድንጋይ ላይ ይታያል። ጥርሱን በተመለከተ፣ እንደ እኔ አብዛኛውን መንገድ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ኤ ቲ (AT) የሚባለው፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው ጎማ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። ኤም ቲ (MT) የሚባለው ለጭቃ የተሠራ ጥርሰ ሰፊ ጎማ ጭቃን እየተፋ ይሄዳል፤ ነገር ግን አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ እርጥብ መንገድ ላይም ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል። ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ለሚውል ካልሆነ አልመክረውም።

ወደ ሱቁ ተመልሼ ስጠይቅ ደረሰኝ አምጣ ተባልኩ። ደረሰኜ ላይ የተጻፈው «ጎማ 4» ብቻ ነው፤ የምርት ቁጥርም ሆነ የሸክም ቁጥር የለውም፤ በዚህም ምክንያት ጎማዎቹ ከዚያ ሱቅ መውጣታቸውን እንኳ ማሳመን አልቻልኩም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ይሁን እንጂ ማስረጃ የሌለው መብት ምን እንደሚያደርግ በዚያ ቀን አየሁት። እናንተ የአራቱም ጎማዎች የምርት ቁጥር ደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ አትክፈሉ፤ ጎማዎቹ ሳይታሰሩም ቁጥሮቻቸውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

የተረፉትን ሦስቱን ለማንም አልሸጥኩም፤ ጎናቸውን ቀድጄ ግቢዬ ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። ነገር ግን እኔ አራቱን ስወስድ እዚያ ሱቅ ውስጥ ተመሳሳይ ጎማዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረው ነበር፤ አሁንም «የአምና ምርት» ተብለው በቅናሽ እየተሸጡ ሊሆን ይችላል። 265/65 አር 17 በቅናሽ የሚያቀርብላችሁ ሰው ካገኛችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥር 3217 ይሁን።